በኦ0 የሚሠራ፣ በኦ2 የሚሳሳት ሉፕ፦ ጥፋቱን በማስረጃ የመለየት መመሪያ

በሲ የተጻፈ አንድ ፕሮግራም ያለ ኦፕቲማይዜሽን፣ ማለትም በኦ0፣ ኮምፓይል ሲደረግ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል እንበል። ያው ምንጭ፣ አንድ ፊደል ሳይነካ፣ በኦ2 ደረጃ ኮምፓይል ሲደረግ ግን የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል፤ ወይም ሉፑ ማቆሚያ ያጣል፤ ወይም ከአሬይ ወሰን ውጭ ጽፎ ይወድቃል። ይህ ሲገጥም ቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው ፍርድ «ኮምፓይለሩ ባግ አለበት» የሚል ነው። ፍርዱ አንዳንዴ እውነት ይሆናል፤ በታወቁ ኮምፓይለሮች ላይም ተረጋግጧል። ሆኖም በኦ0 እና በኦ2 መካከል የታየው ልዩነት ብቻውን ለዚያ አያበቃም። ልዩነቱ የሚናገረው ፕሮግራሙ ከአንድ በላይ ትርጉም እንደተገኘለት ብቻ ነው። ሁለተኛው ትርጉም በፕሮግራመሩ ምክንያት መጣ ወይስ በኮምፓይለሩ የሚለው ገና አልተመለሰም። ሉፑ ውስጥ የኢንቲጀር ዓይነት ልወጣ ካለ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ልወጣው ነው፤ ኮምፓይለሩ የሚከሰሰው ልወጣው ንጹሕ መሆኑ በሙከራ ከታየ በኋላ ነው። ምርመራው ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ እያንዳንዱ ሙከራ አንድ ጥርጣሬ ይዘጋል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ፕሮግራሙ የአማርኛ ጽሑፍ እያነበበ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ ይቆጥራል። ቃላቱን 1024 ቦታ ባለው ሠንጠረዥ ለማስቀመጥ ለእያንዳንዱ ቃል የሃሽ ቁጥር ያሰላል። ቀመሩ ጃቫ ለስትሪንግ የሚጠቀምበት ያው የታወቀ ቀመር ነው፦ ድምር ከ0 ይነሳል፤ ሉፑ በቃሉ ባይቶች ላይ እየዞረ በየዙሩ «ድምር = ድምር × 31 + ባይት» ያደርጋል። ድምር ባለ32 ቢት፣ ባለምልክት ኢንቲጀር ነው፤ ባይት ደግሞ የሲ «ቻር» ነው። ከሉፑ በኋላ «ድምር ከ0 ካነሰ ምልክቱን ገልብጥ» የሚል ፍተሻ አለ፤ ከዚያ ድምር ለ1024 ሲካፈል የሚቀረው ቁጥር የሠንጠረዡ ኢንዴክስ ይሆናል። ፍተሻው ያለምክንያት አልገባም። በሲ አሉታዊ ቁጥር ሲካፈል ቀሪውም አሉታዊ ሊሆን ይችላል፤ አሉታዊ ኢንዴክስ ደግሞ የሠንጠረዡ ያልሆነ ሜሞሪ ይነካል።

የአማርኛ ጽሑፍ በዚህ ሉፕ ላይ የራሱን ጫና ያመጣል። በዩቲኤፍ-8 የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነው፣ ዋጋውም ከ128 በታች ነው። የአማርኛ ፊደል ግን ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ሦስቱም ከ127 በላይ ናቸው። «ቤት» የሚለው ቃል ስድስት ባይት ነው፦ 225፣ 137፣ 164፣ ቀጥሎም 225፣ 137፣ 181። «ቻር» ባለምልክት ይሁን አይሁን የሲ ደንብ ለኮምፓይለሩ ትቶታል፤ ሊኑክስ በኢንቴል ዓይነት ማሽን ላይ ሲሆን ባለምልክት ነው፣ በአርም ላይ ሲሆን ምልክት የለሽ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ማሽን 225 የነበረው ባይት ወደ ስሌቱ የሚገባው −31 ሆኖ ነው። አንድ ጠንቃቃ ባልደረባ ይህን አይቶ ባይቱን ወደ «አንሳይንድ ቻር» ይለውጠዋል። ለውጡ ትክክል ነው፤ ባይት በእርግጥም ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው። በኦ0 ሲሞከር ይሠራል። በኦ2 ግን ፕሮግራሙ «ቤት» ላይ ሲደርስ ይወድቃል።

ነገሩን በቁጥር እንከተለው። ከአምስተኛው ባይት በኋላ ድምር 212,038,308 ይደርሳል። በስድስተኛው ዙር በ31 ተባዝቶ 181 ሲጨመርበት 6,573,187,729 መሆን ነበረበት፤ ባለምልክት የ32 ቢት ኢንቲጀር ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ግን 2,147,483,647 ነው። በኦ0 ማሽኑ ትርፉን ቢት ጥሎ −2,016,746,863 ይሰጣል፤ ፍተሻው ምልክቱን ይገለብጣል፤ ኢንዴክሱ 367 ሆኖ ሥራው ይቀጥላል። ኦፕቲማይዘሩ የሚያስበው ግን በማሽኑ ጠባይ ሳይሆን በቋንቋው ደንብ ነው። የሲ ደንብ ባለምልክት ኢንቲጀር በስሌት ወሰኑን ሲያልፍ ምን እንደሚሆን አልደነገገም፤ በዚህም ኮምፓይለሩ «ወሰን ማለፍ የሚባል ነገር አይደርስም» ብሎ እንዲነሳ ፈቅዶለታል። የተቀረው ሒሳብ ነው፦ ድምር ከ0 ይነሳል፤ በ31 ይባዛል፤ ከ0 የማያንስ ባይት ይጨመርበታል፤ ወሰን አያልፍም፤ እንግዲያው መቼም ከ0 አያንስም። ፍተሻው ትርፍ ስለሆነ የመሰረዝ መብት አለው። ማሽኑ ግን አሁንም ያንኑ አሉታዊ ቁጥር ያመጣል፣ ኢንዴክሱም −367 ሊሆን ይችላል። ከእርማቱ በፊት «ቤት» የሚሰጠው −1,000,177,007 ነበር፤ ወሰን እንኳ አላለፈም። ሦስት ፊደል ያላቸው ቃላት ያኔም ያልፉ ነበር፣ ሆኖም ባይቱ አሉታዊ ሊሆን ይችል ስለነበር ኮምፓይለሩ ፍተሻውን የሚሰርዝበት ምክንያት አልነበረውም። ያንን ምክንያት ያቀበለው የዓይነት ልወጣው ነው። በአርም ላይ ደግሞ ያልታረመው ፕሮግራም ራሱ በዚሁ መንገድ ሊወድቅ ይችላል።

የምርመራው መጀመሪያ ስህተቱን በአንድ ቦታ ማስያዝ ነው። የኮምፓይለሩን ስም ከነእትሙ፣ የማሽኑን ዓይነትና የሰጡትን ትእዛዝ በሙሉ ይጻፉ። ግብዓቱንም ያሳንሱ፦ በአንድ ሙሉ መጽሐፍ ላይ የሚወድቅ ፕሮግራም በአንድ ቃል ብቻ እስኪወድቅ ድረስ ጽሑፉን በግማሽ በግማሽ ይቁረጡ። ቀጥሎ ያንኑ ፋይል በኦ0፣ በኦ1፣ በኦ2 እና በኦ3፣ ቢቻል በጂሲሲም በክላንግም ኮምፓይል አድርገው ውጤቶቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በኦ0 ላይም ከተሳሳተ ኦፕቲማይዜሽንን ይተዉት፤ የያዙት ተራ የልወጣ ስህተት ሳይሆን አይቀርም። ቆጣሪው «አንሳይንድ ቻር» ሆኖ «ከ256 እስካነሰ» የሚል ሉፕ በየትኛውም ደረጃ አያልቅም፤ ቆጣሪው ከ255 በኋላ ወደ 0 ይመለሳልና። ምልክት የለሽ ቆጣሪ ወደ ታች እየቆጠረ «ከ0 እስካላነሰ» የሚል ሉፕም እንዲሁ ነው። ከባዶ ስትሪንግ ርዝመት ላይ 1 የሚቀንስ ደግሞ በ64 ቢት ማሽን 18,446,744,073,709,551,615 የሚባል ወሰን ያገኛል። በዚህ ደረጃ ሉፑ ውስጥ የማተሚያ መስመር አይጨምሩ። የተጨመረው መስመር ኦፕቲማይዘሩ የሚያየውን ፕሮግራም ይለውጠዋል፤ ስህተቱ ቢጠፋም ለምን እንደጠፋ የሚያውቁበት መንገድ የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነው። ወረቀት ይያዙና በሉፑ ውስጥ ላለ እያንዳንዱ ንኡስ ስሌት ዓይነቱን፣ ሊደርስበት የሚችለውን ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ይጻፉ። የሚጻፈው ስሌቱ የሚካሄድበት ዓይነት ነው፤ ቫሪያብሉ ሲሰየም የተሰጠው ዓይነት ከዚህ ሊለይ ይችላል። በተለመዱት ማሽኖች ከ«ኢንት» ያነሰ ዓይነት ሁሉ፣ ቻርም ሆነ ሾርት፣ ከመሰላቱ በፊት ወደ ባለምልክት «ኢንት» ያድጋል። በዚህ የተነሳ ሁለት ምልክት የለሽ የ16 ቢት ቁጥሮች ሲባዙ ብዜቱ ባለምልክት ይሆናል። 65,535 በ65,535 ሲባዛ 4,294,836,225 ስለሚሆን ወሰን ያልፋል፤ ጸሐፊው ከምልክት የለሽ ቁጥር በቀር ምንም ባይጠቀምም። ይህ ወጥመድ ልምድ ያላቸውን ሰዎች እንኳ ይይዛል። «ምልክት የለሽ ቁጥር ወሰን ሲያልፍ ወደ 0 ዞሮ ይቀጥላል፣ ችግር የለውም» የሚለው ደንብ እውነት ነው፤ እዚህ ግን ስሌቱ ምልክት የለሽ ስላልሆነ አይደርስለትም። ሌላው ወጥመድ የመድረሻው ዓይነት ነው። ሁለት የ32 ቢት ቁጥሮችን አባዝቶ በ64 ቢት ቫሪያብል ውስጥ ማስቀመጥ ብዜቱን አያሰፋውም፤ ልወጣው የሚመጣው ብዜቱ በ32 ቢት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ንጽጽርም የራሱ ልወጣ አለው፦ −1 ምልክት ከሌለው የ32 ቢት ቁጥር ጋር ሲነጻጸር 4,294,967,295 ሆኖ ይቀርባል። «−1 ከ10 ያንሳል ወይ» የሚለው ጥያቄ ያኔ «አያንስም» የሚል መልስ ያገኛል፣ ሉፑም አንድ ዙር ሳይዞር ያልፋል።

ወረቀቱ ላይ ሲሠሩ አንድ ልዩነት በጥብቅ ይያዙ። ሰፊ ቁጥርን ወደ ጠባብ የኢንቲጀር ዓይነት መለወጥ በራሱ ያልተደነገገ ባሕርይ አይደለም። መድረሻው ምልክት የለሽ ከሆነ ውጤቱን ደንቡ ይወስናል፤ ባለምልክት ከሆነ ውሳኔው የኮምፓይለሩ ነው፣ ጂሲሲም ትርፍ ቢቶችን እንደሚጥል በሰነዱ አስታውቋል። ኦፕቲማይዘሩ መነሻ አድርጎ የሚገነባው በማባዛት፣ በመደመርና በመቀነስ ላይ ነው። የልወጣው ሚና ለእነዚህ ስሌቶች የቁጥር ክልል ማቀበል ነው፤ በምሳሌያችን «ባይት ከ0 አያንስም» የሚለውን ክልል እንዳቀበለው። ስህተቱን ልወጣው በተጻፈበት መስመር ላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው ስለዚህ አያገኘውም፤ የተሰረዘው ፍተሻ ሌላ መስመር ላይ ነው፣ ወሰን ያለፈው ማባዛትም ሌላ ነው። ሦስቱን የሚያገናኘው ወረቀቱ ላይ ያለው የክልል ሒሳብ ነው።

ማስጠንቀቂያዎችን መክፈት አጭር እርምጃ ነው። «ደብልዩ-ኦል» እና «ደብልዩ-ኤክስትራ» ከስማቸው እንደሚመስለው ሁሉን አይሸፍኑም፤ «ደብልዩ-ኮንቨርዥን» እና «ደብልዩ-ሳይን-ኮንቨርዥን» በተጨማሪ መከፈት አለባቸው። የሚመጣው ዝርዝር ረጅም ሊሆን ስለሚችል ሉፑን የሚመለከቱትን ብቻ ያንብቡ። በግልጽ ልወጣ እየጻፉ አያፍኗቸው፤ ልወጣው ማስጠንቀቂያውን ዝም ያሰኘዋል፣ ስሌቱን ግን አያርመውም። ጂሲሲ ከ4.8 እትሙ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የሉፕ ዙር እየቆጠረ የሚያስጠነቅቅበትም ጊዜ አለ። ቆጣሪው ከ0 ተነስቶ ከ4 እስካነሰ የሚዞር ሉፕ ቆጣሪውን በ1,000,000,000 ቢያባዛ፣ ቆጣሪው 3 ላይ ሲደርስ ብዜቱ ወሰን ያልፋል። ኮምፓይለሩ ከዚህ ተነስቶ «ቆጣሪው 3 አይደርስም፣ ስለዚህ ከ4 ማነሱ ዘወትር እውነት ነው» ብሎ ሉፑን ማለቂያ የሌለው ሊያደርገው ይችላል፤ ማስጠንቀቂያውም የዙሩን ቁጥር ይጠራል። የሃሽ ሉፓችን ግን በግብዓቱ ላይ ስለሚወሰን እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ አይጠበቅለትም። የማስጠንቀቂያ ዝምታ የንጽሕና ምስክር ወረቀት ተደርጎ አይወሰድ።

አሁን ፕሮግራሙ ራሱ ይመስክር። ጂሲሲ ከ4.9 እትም (2014 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ክላንግም እንዲሁ፣ ያልተደነገገ ባሕርይን በሩጫ ጊዜ የሚይዝ ሳኒታይዘር አላቸው፤ የሚከፈተው «ኤፍ-ሳኒታይዝ» ለሚባለው ትእዛዝ «አንዲፋይንድ» የሚል ዋጋ በመስጠት ነው። «ቤት» ብቻ ሰጥተው ሲያስኬዱት ፋይሉንና መስመሩን ጠርቶ 212038308 በ31 ሲባዛ በ«ኢንት» ሊወከል እንደማይችል ይናገራል። ከዚህ የጠራ ማስረጃ የለም፤ ወረቀቱ ላይ የጠረጠሩት ስሌት ከነቁጥሩ ነው የተያዘው። አድራሻ የሚፈትሸው ሳኒታይዘር ደግሞ −367ኛው ቦታ ሲነካ ይጮኻል። ሁለቱም ግን የሚያዩት የተሄደበትን መንገድ ብቻ ነው። በትንንሽ ሆሄ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ቃል በዚህ ቀመር ወሰን የሚያልፈው ስድስተኛው ፊደል ላይ ነው፤ የአማርኛ ቃል ግን ሁለተኛው ፊደል ላይ ያልፋል። በአጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ የተሞከረ ፕሮግራም በሳኒታይዘር ሥር እንኳ ንጹሕ መስሎ ያልፋል። ስለዚህ ለአማርኛ ተጠቃሚ የሚሠራ ፕሮግራም በአማርኛ ጽሑፍ መፈተሽ አለበት፤ ይህን የምለው ለይስሙላ አይደለም፣ የባይቶቹ ዋጋ ራሱ የተለየ መንገድ ስለሚያስኬድ ነው። ያልተደነገገ ባሕርይን የሚይዘው ሳኒታይዘር ቁጥር የሚያጠፉ ድብቅ ልወጣዎችን አይዘግብም፤ ለእነሱ ክላንግ ከ7ኛው እትም ወዲህ ለብቻው የሚከፈት ፍተሻ አለው።

ቀጣዩ «ኤፍ-ራፕ-ቪ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ኮምፓይለሩን «ባለምልክት ኢንቲጀርም ወሰን ሲያልፍ ዞሮ ይቀጥላል ብለህ ውሰድ» ይለዋል። ከኦ2 ጋር ጨምረው ይሞክሩት። ስህተቱ ከጠፋና ሳኒታይዘሩም ወሰን ማለፍን ከዘገበ፣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ መሆኑ ተረጋገጠ። ስህተቱ ካልጠፋ ሌላ ምክንያት ይፈልጉ፦ አንድን ሜሞሪ በሁለት የተለያየ ዓይነት ማንበብ («ኤፍ-ኖ-ስትሪክት-ኤሊያሲንግ» ይህን ይለያል)፣ ወይም ዋጋ ያልተሰጠው ቫሪያብል፣ እሱን ቫልግሪንድ ሊይዘው ይችላል። ሦስተኛው ሁኔታ ልዩ ትኩረት ይገባዋል፦ ስህተቱ በ«ኤፍ-ራፕ-ቪ» ጠፍቶ ሳኒታይዘሩ በዚያው ግብዓት ምንም ካልዘገበ፣ ፕሮግራሙ ያልሠራውን ወሰን ማለፍ ኮምፓይለሩ በራሱ ለውጥ ፈጥሮ ሊሆን ይችላል። በኮምፓይለሩ ላይ ጥርጣሬው በእውነት የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

«ትእዛዙ ችግሩን ካጠፋው ለምን እዚያው ትተነው አንሄድም?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ መልስ የሚገባው ነው። ፖስትግሬስኪውኤል በ«ኤፍ-ራፕ-ቪ» ነው ኮምፓይል የሚደረገው፤ የሊኑክስ ከርነልም ለተመሳሳይ ዓላማ «ኤፍ-ኖ-ስትሪክት-ኦቨርፍሎው» ይጠቀማል። እነዚህ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ናቸው፣ ውሳኔውም አውቀው የወሰኑት ነው። አንድ ፕሮጀክት ለመላው ምንጩ እንዲህ ቢወስን የሚነቀፍ አይሆንም። ነገር ግን ትእዛዙ ውጤቱን አንድ ወጥ ያደርገዋል እንጂ ትክክል አያደርገውም። ለሃሽ ዞሮ የመጣ ቁጥር ያገለግላል፤ ለገንዘብ ድምር ወይም ለሜሞሪ መጠን ግን ዞሮ የመጣ ቁጥር በየትኛውም ደረጃ ሐሰት ነው። ፋይሉ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ሲወሰድም ትእዛዙ አብሮት አይሄድም። ፍተሻው ራሱ ጎዶሎ እንደነበርም እናስተውል፦ −2,147,483,648 ምልክቱ ሲገለበጥ በ32 ቢት የሚወክለው አዎንታዊ ቁጥር ስለሌለ በ«ኤፍ-ራፕ-ቪ» ሥር ራሱን ሆኖ ይቀራል። ሠንጠረዡ 1024 ቦታ ስላለው ቀሪው በአጋጣሚ 0 ይሆናል፤ 1000 ቦታ ቢኖረው ግን ኢንዴክሱ −648 ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ መሠረታዊ ነው፦ «ማሽኑ የሚሠራውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ኮምፓይለሩ በደንብ ቀዳዳ ገብቶ የጻፍኩትን ፍተሻ መሰረዙ ተገቢ አይደለም» የሚል። ቁጣው ይገባኛል፤ ፍተሻውን የጻፈው ሰው ለጥንቃቄ ነበር የጻፈው። ደንቡም የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ጃቫ ይህንኑ የ31 ቀመር ወሰን ሲያልፍ ዞሮ እንዲቀጥል ደንግጎታል፤ ከጃቫ ወደ ሲ የተገለበጠ ቀመር የሚያሳስተውም በዚህ ነው። ሆኖም ደንቡ ያለጥቅም አልቆየም። በ64 ቢት ማሽን ላይ በ32 ቢት ባለምልክት ኢንዴክስ የሚዞር ሉፕ በየዙሩ ኢንዴክሱን ወደ 64 ቢት ማስፋት ይኖርበታል፤ ወሰን አያልፍም ከተባለ ግን ኮምፓይለሩ ቆጣሪውን ከመጀመሪያው 64 ቢት አድርጎ ልወጣውን ከሉፑ ያወጣዋል። ሉፑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር አስቀድሞ ማወቅም በዚሁ መነሻ ላይ ይቆማል። ሲ++20 ባለምልክት ቁጥር በሜሞሪ የሚጻፍበትን መንገድ ወደ አንድ ሲያጠብ በስሌት ወሰን ማለፍን ግን ሆነ ብሎ ያልተደነገገ አድርጎ ትቶታል። በደንቡ መከራከር ይቻላል፤ ዛሬ የወደቀውን ፕሮግራም የሚመረምር ሰው ግን ዛሬ ባለው ደንብ ነው የሚመረምረው።

ኮምፓይለሩ ምን እንዳደረገ በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው የመሐል ውጤቶቹን ያስወጣ። በጂሲሲ «ኤፍ-ደምፕ-ትሪ-ኦል» ለየደረጃው አንድ ባለቁጥር ፋይል ይጽፋል። ሁሉንም አያንብቡ፤ አንድ ነገር ብቻ ይፈልጉ፦ ድምርን ከ0 ጋር የሚያነጻጽረው መስመር የት ላይ ጠፋ? መጀመሪያ የጠፋበት ፋይል የደረጃውን ስም ይነግርዎታል፤ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የቁጥር ክልል የሚተነትነው ደረጃ ነው። በክላንግ በኩል የኤልኤልቪኤምን የመሐል ቋንቋ ሲያስወጡ በማባዛቱና በመደመሩ አጠገብ «ኤንኤስደብልዩ» የሚል ምልክት ያያሉ፤ «በባለምልክት ወሰን አያልፍም» የሚል ቃል ነው። ጥያቄው ያንን ቃል ማን ሰጠው የሚል ነው። ገና ከምንጩ ሲተረጎም ካለ የሰጠው ፕሮግራሙ ነው። በኋላ በአንድ የኦፕቲማይዜሽን ደረጃ ከተጨመረ፣ ወይም ስሌቱ ተገለባብጦ ሳለ ምልክቱ ሳይነሳ ከቀረ፣ ያ ደረጃ መብት እንደነበረው መረጋገጥ አለበት። ጠባብ ቁጥር ሲሰፋም እንዲሁ ይመልከቱ፦ ምልክቱን ይዞ መስፋት ሲገባው በ0 ሞልቶ ከሰፋ −1 የነበረው 4,294,967,295 ይሆናል።

እርማቱ ከምርመራው አጭር ነው። ድምርን ምልክት የለሽ የ32 ቢት ዓይነት ያድርጉት፤ ባይቱን «አንሳይንድ ቻር» እንደሆነ ይተዉት፤ ፍተሻውን ያውጡት። ቀሪው ከእንግዲህ አሉታዊ ሊሆን አይችልም፣ ዞሮ መቀጠሉም በደንብ የጸና ነው። «ቤት» አሁን 2,278,220,433 ይሰጣል፣ ኢንዴክሱም 657 ነው። ቀድሞ 367 ስለነበር በፋይል የተቀመጠ ሠንጠረዥ ካለ እንደገና መሠራት አለበት፤ ይህ ከተረሳ ፕሮግራሙ ሳይወድቅ ቃላቱን ያጣል። በሁለት የ16 ቢት ቁጥሮች ብዜት ጉዳይ አንዱን ቁጥር ከማባዛቱ በፊት ወደ ምልክት የለሽ 32 ቢት ይለውጡት፤ ብዜቱን በቅንፍ አስገብቶ ከውጭ መለወጥ ዘግይቷል። ወሰን ማለፍ ስህተት በሆነበት ቦታ፣ ለምሳሌ በድምርና በመጠን ስሌት፣ ደምሮ በኋላ «ካነሰ አልፏል» ብሎ መፈተሽ አያዋጣም፤ ያ ፍተሻ እንደ መጀመሪያው ሊሰረዝ ይችላል። ጂሲሲ ከ5ኛው እትም ጀምሮ ወሰን ማለፉን እየነገሩ የሚደምሩና የሚያባዙ ፈንክሽኖች አሉት፤ ሲ23ም ተመሳሳዮቹን በመደበኛ ላይብረሪው አስገብቷል። በመጨረሻም «ቤት»ን በኦ2 እና በሳኒታይዘር ሥር የሚፈትሽ ቋሚ ሙከራ ከፕሮግራሙ ጋር ያስቀምጡ።

ይህን ሁሉ አልፎ ስህተቱ አሁንም ካለ ኮምፓይለሩን ለመክሰስ መብት አለዎት፤ ክሱም እንግዳ አይደለም። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲስሚዝ በተባለው መሣሪያቸው የዘፈቀደ የሲ ፕሮግራሞችን እያመነጩ ከ325 የሚበልጡ የኮምፓይለር ስህተቶችን እንዳገኙ በ2011 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. አላይቭ በተባለው መሣሪያ ከኤልኤልቪኤም 334 የስሌት ማሻሻያዎች ተተርጉመው ሲረጋገጡ 8ቱ የተሳሳቱ ሆነው ተገኙ። ጃቫ 7 በጁላይ 2011 ሲወጣ የሉፕ ኦፕቲማይዜሽኑ አንዳንድ ሉፖችን አበላሽቶ የፍለጋ ሶፍትዌሮቹን ሉሲንና ሶልርን ጎድቷል። ሪፖርቱ እንዲታመን ግን ምሳሌው ትንሽ መሆን አለበት። ሲ-ሪዲውስ ምንጩን በራሱ ያሳንስልዎታል፤ በሚሰጡት የፍተሻ ስክሪፕት ውስጥ «ሳኒታይዘሩ ምንም አይዘግብ» የሚል ሁኔታ የግድ ይጨምሩ፣ አለዚያ መሣሪያው እየቆረጠ ሳለ አዲስ ያልተደነገገ ባሕርይ ያስገባና ሌላ ነገር አሳንሶ ይሰጥዎታል። በኤልኤልቪኤም «ኦፕት-ባይሴክት-ሊሚት» የኦፕቲማይዜሽን ደረጃዎቹን በቁጥር ስለሚያስቆም በግማሽ በግማሽ እየፈለጉ ጥፋተኛውን ደረጃ ያገኙታል፤ አንድ ሺህ ደረጃ ቢኖር በአሥር ሙከራ ያልቃል። ለገንቢዎቹ የሚልኩት የተቀነሰውን ፋይል፣ እትሙን፣ ትእዛዙን፣ የሚጠበቀውንና የወጣውን ውጤት ነው። እርማቱ እስኪደርስ ያንን አንድ ፋይል ብቻ በዝቅተኛ ደረጃ ኮምፓይል ያድርጉ፤ ከጎኑ የሪፖርቱን ቁጥር ይጻፉ፤ ስህተቱን በኦ2 የሚያሳየውን ሙከራም ያቆዩት፤ አዲስ እትም ሲመጣ ያ ሙከራ ካለፈ ዝቅ ያደረጉትን ደረጃ ወደ ቦታው ይመልሱ።